ውሃ በጎጃም በስንት ዲግሪ ይፈላል? የነጥበ ፍሌት ጥናት ታሪክና ለሳይንስ ትምህርት ያለው ፋይዳ

መግቢያ

የሳይንስ ትምህርት ከተጀመረበት ዕለት አንሥቶ በተማሪዎች አእምሮ ከሚቀረጹት ቁጥሮች አንዱ መቶ ነው። ንጹሕ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል ተብሎ ይነገራል፤ ተማሪውም ይህንኑ በደብተሩ ጽፎ፣ በፈተና ጊዜም መልሶ ያቀርባል። ሆኖም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው በዱርቤቴ አንድ መምህር ውሃ ጥዶ ቴርሞሜትር ቢያስገባ፣ መሣሪያው ከ93 እስከ 94 ዲግሪ ባለው መካከል ይቆማል። ማገዶ ቢጨመር፣ እሳቱ ቢበረታ፣ ውሃው ቢንተከተክ ምልክቱ ከዚያ ወዲያ ከፍ አይልም። በፍኖተ ሰላምና በቡሬም የሚታየው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

በዚህ ጊዜ ሁለት መንገዶች ይከፈታሉ። አንደኛው፣ መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ዓይን ያየውን ትቶ መጽሐፉ ያለውን መጻፍ ነው። ሁለተኛው፣ ልዩነቱ ከምን እንደመጣ መጠየቅ ነው። የአውሮፓ ሊቃውንት ሁለተኛውን መንገድ በመከተል ከመቶ ዓመት በላይ ደክመው አንድ ታላቅ የተፈጥሮ ሕግ ላይ ደርሰዋል፤ ከፍሬውም አንዱ ክፍል በኢትዮጵያ ደጋ ምድር ላይ ተፈትኗል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ታሪክ በአጭሩ ማቅረብ፣ ሕጉ የአንድን ሙሙት (ማለትም እንደ ጨው ያለ ነገር የሟሟበትን ፈሳሽ) መጠነ ሙቀት ለማስላት እንዴት እንደሚያገለግል ማሳየት፣ በመጨረሻም ለመምህራንና ለትምህርት ፕላን አውጪዎች ያለውን ጥቅም ማመልከት ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የጥያቄው አጀማመር

በ18ኛው ምዕተ ዓመት መግቢያ ላይ ቴርሞሜትር ሠሪዎች ያጋጠማቸው ዋና ችግር በየትኛውም ስፍራና በማናቸውም ጊዜ የማይለወጥ መነሻ ነጥብ ማግኘት ነበር። የሚቀልጥ በረዶና የሚፈላ ውሃ ለዚህ የተመቹ መሰሉ። ይሁን እንጂ ፋረንሃይት በ1724 የውሃ ነጥበ ፍሌት ከአየር ግፊት ጋር እንደሚለዋወጥ ገለጸ፤ ይህንኑ መለዋወጥ ተጠቅሞም የአየርን ግፊት በቴርሞሜትር መለካት እንደሚቻል አመለከተ። ሴልሲየስ በ1742 መቶ ክፍል ያለውን መለኪያ ሲያወጣ፣ የሚፈላው ውሃ በተወሰነ የባሮሜትር ንባብ ላይ መሆን እንዳለበት ወስኗል። እንግዲህ «100 ዲግሪ» የሚለው ቁጥር ከመጀመሪያው አንሥቶ ቅድመ ሁኔታ የታከለበት ነበር። ወደ መማሪያ መጻሕፍት ሲገባ ግን ቁጥሩ ቀርቶ ቅድመ ሁኔታው ተረሳ።

ከዚህ በኋላ የጄኔቫው ዴሉክ በአልፕስ ተራሮች እየወጣ ውሃ በማፍላት ከፍታና ነጥበ ፍሌት ያላቸውን ዝምድና መረመረ። የአገሩ ልጅ ደ ሶሱርም በ1787 በሞንብላን ተራራ አናት ላይ ውሃ አፍልቶ በዛሬው መለኪያ 86 ዲግሪ ገደማ አገኘ። በ1777 ደግሞ በካቨንዲሽ የተመራ የለንደን ንጉሣዊ ማኅበር ኮሚቴ ቴርሞሜትሮች እንዴት እንደሚስተካከሉ አጥንቶ፣ የመሣሪያው አምፖል በሚፈላው ውሃ ውስጥ ሳይሆን ከውሃው በላይ ባለው እንፋሎት ውስጥ እንዲሆን መከረ። ምክንያቱም የፈላው ውሃ መጠነ ሙቀት እንደ ዕቃው ዓይነት፣ እንደ ጥልቀቱና በውስጡ እንዳለው አየር ጥቂት ይለዋወጣል፤ የእንፋሎቱ ግን የሚጸና ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ምክር ኋላ ስለ ጨው ውሃ በሚነገረው ላይ ትልቅ ትርጉም ይኖረዋል።

2. መሣሪያው ወደ ዓባይ ምንጭ አገር መምጣቱ

የስፔኑ ተወላጅ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 የግልገል ዓባይን ምንጭ ሲያይ የሚለካበት መሣሪያ አልነበረውም፤ ቴርሞሜትርም ሆነ ባሮሜትር በዓለም ላይ ገና በወጉ አልታወቁም ነበርና። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ግን ከጎንደር ተነሥቶ፣ በጣና ምዕራብ በሜጫ አገር በኩል አልፎ በኅዳር ወር 1770 ግሽ በደረሰ ጊዜ፣ ከዕቃው መካከል ኳድራንትና ቴሌስኮፕ ይገኙ ነበር። በጎንደርም የአየሩን ጠባይ በባሮሜትርና በቴርሞሜትር እየተከታተለ መዝግቧል።

የባሮሜትር ችግሩ ለጉዞ አለመመቸቱ ነው። ወደ 80 ሴንቲሜትር የሚረዝም፣ በሜርኩሪ የተሞላ የመስተዋት ቱቦ በበቅሎ ጭኖ ቁልቁለትና ዳገት ማለፍ እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ አንድ መሰናከል ይበቃዋል። ለዚህም መፍትሔ ሆኖ የመጣው ውሃ በማፍላት ከፍታን የሚለካው መሣሪያ ነው። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ወላስተን በ1817 ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ቴርሞሜትር አቀረበ፤ ከዚያም ሂፕሶሜትር የሚባለው መሣሪያ ለተጓዦች ተለመደ። አሠራሩ ቀላል ነው። ትንሽ የውሃ ዕቃ፣ ትንሽ መብራት፣ እንፋሎት የሚያልፍበት ቱቦና በጥቃቅን ክፍልፋዮች የተሰመረ ቴርሞሜትር ብቻ ይበቃሉ። ውሃው ሲፈላ የእንፋሎቱ መጠነ ሙቀት ይነበባል፤ ከዚህም የቦታው የአየር ግፊት፣ ከግፊቱም ከፍታው ይሰላል።

ይህን ዘዴ በኢትዮጵያ ምድር በስፋት ከሠሩበት ሊቃውንት ዋነኛው አንቷን ዳባዲ ነው። ከወንድሙ ከአርኖ ጋር በ1838 ምጽዋ ደርሶ እስከ 1848 ድረስ በሰሜንና በደቡብ የኢትዮጵያ ክፍሎች ተዘዋወረ። ወንድሙ አርኖ በጎጃም ከደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ጋር ወዳጅነት መሥርቶ ሲቀመጥ፣ አንቷን ከተራራ ተራራ በቴዎዶላይት እያነጣጠረ፣ ውሃም እያፈላ የአገሩን ካርታ የሚያስነሣ መረጃ ሰበሰበ። ውጤቱም ከ1860 እስከ 1873 ድረስ ስለ ኢትዮጵያ ጂኦዴሲ በጻፈው ሰፊ መጽሐፍ ታትሟል። በዚያው ዘመን እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ በጎጃም፣ በዳሞትና በአገው ምድር ተዘዋውሮ ከሰባ በላይ የሆኑ ቦታዎችን ኬክሮስ ወሰነ፤ ስለዚሁም በ1845 የለንደኑ ንጉሣዊ ጂኦግራፊ ማኅበር በወርቅ ሜዳይ ሸልሞታል።

የዘዴው ትክክለኛነት ምን ያህል እንደነበረ መገንዘብ ያሻል። በጎጃም ከፍታ ላይ ነጥበ ፍሌት በአንድ ዲግሪ ሲቀንስ ከፍታው በ300 ሜትር ገደማ ይጨምራል። ስለሆነም የአንድ ዲግሪ አሥረኛ እጅ ስሕተት በከፍታው ላይ የ30 ሜትር ስሕተት ያስከትላል። በተጨማሪም ቴርሞሜትሩ የሚናገረው ስለ ግፊት እንጂ በቀጥታ ስለ ከፍታ አይደለም፤ ከግፊት ወደ ከፍታ ለመሸጋገር በመካከል ያለው አየር ምን ያህል ሞቃት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በብዙ የጂኦግራፊ መጻሕፍት 4,620 ሜትር ተብሎ ሲጻፍ የኖረው የራስ ደጀን ከፍታ በኋለኞቹ ልኬቶች ወደ 4,550 ሜትር ዝቅ ብሏል። ይህ የ70 ሜትር ልዩነት በነጥበ ፍሌት ቢተመን የአንድ ዲግሪ ሩብ እንኳ አይሞላም።

3. ከልምድ ሠንጠረዥ ወደ ሕግ

እስከ 19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ድረስ ተጓዦች ይሠሩ የነበረው በሙከራ በተገኘ ሠንጠረዥ ነበር። ፈረንሳዊው ሬኞ የእንፋሎትን ግፊት ከመጠነ ሙቀት ጋር በጥንቃቄ ለክቶ በ1847 ያሳተመው ውጤት የዘመኑ መመሪያ ሆነ። ሠንጠረዡ ግን «ስንት» ለሚለው እንጂ «ስለምን» ለሚለው መልስ አልነበረውም።

የስለምን መልስ የመጣው ከእንፋሎት ሞተር ጥናት ነው። ክላፔይሮን በ1834፣ ክላውዚየስም በ1850 ሙቀትና ሥራ ያላቸውን ግንኙነት ሲመረምሩ፣ አንድ ፈሳሽ ከተኑ ጋር በሚዛን በሚኖርበት ጊዜ ግፊቱና መጠነ ሙቀቱ እንዴት አብረው እንደሚለወጡ የሚገልጽ እኩልታ አገኙ። ፍሬ ነገሩ እንደሚከተለው ነው። ፈሳሽ የሚፈላው የተኑ ግፊት ከላይ ከተጫነው የአየር ግፊት ጋር ሲተካከል ነው። ወደ ከፍታ በተወጣ ቁጥር የሚጫነው አየር ስለሚሳሳ፣ ተኑ ቶሎ ይተካከለዋል፤ ውሃውም በዝቅተኛ መጠነ ሙቀት ይፈላል። ምን ያህል ዝቅ እንደሚል የሚወስነው ውሃውን ወደ ተን ለመለወጥ የሚያስፈልገው ሙቀት ነው። ይህም ለአንድ ሞል ውሃ 40,700 ጁል ገደማ ይሆናል።

ሕጉ በዱርቤቴ ላይ ሲሰላ እንዲህ ነው። በባሕር ወለል የአየር ግፊት 101.3 ኪሎፓስካል፣ በ2,000 ሜትር ከፍታ ደግሞ 80 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። የሁለቱ ንጽጽር 0.79 ሲሆን፣ ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝሙ ከዜሮ በታች 0.236 ነው። ይህ 0.236 በጋዝ ቋሚ ቁጥር በ8.314 ተባዝቶ፣ ለ40,700 ሲካፈል 0.0000482 ይገኛል። በባሕር ወለል ያለው ነጥበ ፍሌት በፍጹም መለኪያ 373.15 ኬልቪን ነው፤ የዚህ ተገላቢጦሽ 0.0026799 ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ 0.0027281፣ የዚህም ተገላቢጦሽ 366.6 ኬልቪን፣ ማለትም 93.4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሆናል። ቴርሞሜትሩ ያሳየውና ስሌቱ የሰጠው ተገናኙ ማለት ነው።

በዚሁ መንገድ በጎጃም ልዩ ልዩ ቦታዎች ንጹሕ ውሃ የሚፈላበት መጠነ ሙቀት በግምት የሚከተለውን ይመስላል፦

በዓባይ በረሃ በደጀን ድልድይ አጠገብ፣ ከፍታው ከ1,000 ሜትር ጥቂት ከፍ ሲል፣ ከ96 እስከ 97 ዲግሪ፤
በባሕር ዳር፣ 1,800 ሜትር፣ 94 ዲግሪ፤
በዱርቤቴ፣ 2,000 ሜትር፣ 93.5 ዲግሪ፤
በግሽ ዓባይ፣ 2,700 ሜትር፣ 91 ዲግሪ፤
በጮቄ ተራራ፣ 4,100 ሜትር፣ ከ86 እስከ 87 ዲግሪ።

እንግዲህ በአንድ ጎጃም ውስጥ ብቻ ከበረሃው እስከ ተራራው አናት የአሥር ዲግሪ ልዩነት አለ ማለት ነው።

4. አሞሌውና ሙሙቱ

ውሃው ንጹሕ ሳይሆን ጨው ሲገባበት ሁኔታው ይለወጣል። እንግሊዛዊው ብላግደን በ1788 የጨው ውሃ የሚረጋበት መጠነ ሙቀት በገባው ጨው ልክ ዝቅ እንደሚል አሳየ። ፈረንሳዊው ራዉልት ደግሞ በ1887 የአሟሚው የተን ግፊት በሟሚው መጠን ልክ እንደሚቀንስ በሕግ መልክ አቀረበ። የተኑ ግፊት ከቀነሰ፣ ከአየሩ ግፊት ጋር ለመተካከል ተጨማሪ ሙቀት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ነጥበ ፍሌት ከፍ ይላል። በአንድ ኪሎግራም ውሃ ውስጥ አንድ ሞል ሟሚ ሲገባ ከፍታው ግማሽ ዲግሪ ገደማ ነው። የገበታ ጨው ግን ሲሟሟ ወደ ሁለት አዮኖች ስለሚከፈል፣ 58.4 ግራም ጨው ነጥበ ፍሌትን በአንድ ዲግሪ ገደማ ከፍ ያደርጋል። ይህ እጥፍነት እንቆቅልሽ ሆኖ ቆይቶ መፍትሔ ያገኘው አሬኒየስ በ1887 ባቀረበው የመከፋፈል ሐሳብ ነው።

ለጎጃም ሰው ይህ ባዕድ ነገር አይደለም። ከአፋር የጨው ሜዳ ተቆርጦ በትግራይ በኩል የሚመጣው አሞሌ ለዘመናት በጎጃም ገበያዎች እንደ ገንዘብ ሲያገለግል ኖሯል፤ የባሶ ገበያም ከእነዚህ አንዱ ነበር። ጨው የሚቆረጥበት ምድር ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ስለሆነ በዚያ ውሃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በጥቂቱ ከፍ ብሎ ነው። ያው አሞሌ ደጋ ወጥቶ ተሰባብሮ ወጥ ውስጥ ሲገባ የሚፈላው ከዚያ ሰባት ዲግሪ ያህል ዝቅ ባለ ውሃ ነው።

ቁጥሩ በግልጽ ሲታይ የሚያስደንቅ ነው። በዱርቤቴ አንድ ሙሙት 100 ዲግሪ ደርሶ እንዲፈላ የሚያስፈልገው ጨው ውሃው ሊሸከም ከሚችለው ሁሉ ብዙም አያንስም። በፈላ ውሃ ውስጥ በ100 ግራም ውሃ 39 ግራም ገደማ ጨው ይሟሟል። ይህን ያህል የጠገበ የጨው ውሃ በባሕር ወለል ከ108 እስከ 109 ዲግሪ ሲፈላ፣ በዱርቤቴ 102 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ለወጥ የሚጨመረው ቁንጥር ጨውማ ነጥበ ፍሌትን በቴርሞሜትር በሚታይ መጠን አይለውጠውም።

እዚህ ላይ የ1777ቱ ኮሚቴ ምክር ይታወሳል። ከጨው ውሃ የሚወጣው እንፋሎት ጨው የለበትም። በዚህ እንፋሎት ውስጥ በተንጠለጠለ ቴርሞሜትር ላይ የሚጠራቀመው ጠብታ ንጹሕ ውሃ ስለሆነ፣ መሣሪያው የሚያነበው የንጹሕ ውሃን ነጥበ ፍሌት ነው። ስዊድናዊው ሩድበርግ በ1830ዎቹ ይህን በሙከራ አረጋግጧል። ስለዚህ የቦታውን ግፊት ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ቴርሞሜትሩን በእንፋሎቱ ውስጥ ይሰቅላል፤ የሙሙቱን መጠነ ሙቀት ለማወቅ የሚፈልግ ግን አምፖሉን በፈሳሹ ውስጥ ያጠልቃል። የሁለቱ ንባቦች ልዩነት የገባውን ጨው መጠን ይመሰክራል።

ሟሚው እንደ አልኮል በቀላሉ የሚተን ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ንጹሕ አልኮል በባሕር ወለል በ78 ዲግሪ፣ በዱርቤቴ ከፍታ ከ72 እስከ 73 ዲግሪ ባለው ይፈላል። ስለዚህ ከዳጉሳ የተዘጋጀ የካቲካላ ድፍድፍ ሲጣድ ከውሃ ቀድሞ ይፈላል፤ አልኮሉ እየወጣ ሲሄድም መጠነ ሙቀቱ ቀስ በቀስ ወደ 93 ይጠጋል። አረቄ የምታወጣ ባለሙያ ጠብታውን ቀምሳ «አሁን ቀጠነ» የምትለውን ቴርሞሜትሩ በቁጥር ይናገረዋል።

5. ለትምህርትና ለፕላን ሥራ የሚሰጠው ጥቅም

ከዚህ ታሪክ ለክፍል ሥራ የሚወሰዱ አያሌ ነጥቦች አሉ።

ሀ) የቴርሞሜትር ማስተካከያ። በረዶ በማይገኝበት አካባቢ ዜሮ ዲግሪን መፈተሽ ያስቸግራል። የትምህርት ቤቱ ከፍታ ከታወቀ ግን ነጥበ ፍሌት ከላይ እንደታየው ይሰላል፤ ቴርሞሜትሩም በእንፋሎት ውስጥ ተሰቅሎ ይፈተሻል። በሐሩር አገሮች የአየር ግፊት ከቀን ወደ ቀን የሚለዋወጠው በጣም ጥቂት ስለሆነ፣ በጎጃም አንድ ቦታ ላይ ነጥበ ፍሌት በአንድ ቀን ውስጥ ከአንድ ዲግሪ አሥረኛ እጅ ብዙም አይዘልም። በሰሜን አውሮፓ ማዕበል ሲመጣና ሲሄድ ልዩነቱ ከአንድ ዲግሪ በላይ ሊደርስ ይችላል። በዚህ ረገድ የደጋው ትምህርት ቤት የተሻለ ዕድል አለው።

ለ) የሙቀት ልውውጥ ስሌት። አንድ ሊትር የፈላ ውሃ በ20 ዲግሪ ካለ አንድ ሊትር ውሃ ጋር ሲደባለቅ መጽሐፉ 60 ዲግሪ ይጠብቃል። በዱርቤቴ ግን የሚጠበቀው ከ57 ዲግሪ በታች ነው፤ ዕቃው የሚወስደው ሙቀት ሲታከልበት ከዚህም ይቀንሳል። ምክንያቱ ያልተነገረው ተማሪ ሙከራዬ ተበላሸ ብሎ ይደመድማል፤ ወይም ቁጥሩን ፈጥሮ ይጽፋል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የከፋ ነው፤ ተማሪው የሚማረው ፊዚክስ ሳይሆን ማስመሰል ነውና።

ሐ) መሣሪያ የሌለው ትምህርት ቤት። ከፍታውና የገባው ጨው ከታወቁ የሚፈላው ሙሙት መጠነ ሙቀት ያለ ቴርሞሜትር ሊሰላ ይችላል። ድስቱ ራሱ የታወቀ መጠነ ሙቀት መስጫ ሆኖ ያገለግላል።

መ) ጤና አጠባበቅ። በ93 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ በ100 ዲግሪ ከሚፈላው ይልቅ በዝግታ ያበስላል፤ ባቄላና ሽምብራ በደጋ የሚዘገዩት ስለዚህ ነው። አንዳንድ የጤና መመሪያዎች የመጠጥ ውሃ ከ2,000 ሜትር በላይ ባሉ ቦታዎች አንድ ደቂቃ ሳይሆን ሦስት ደቂቃ እንዲፈላ ያዛሉ። የሕክምና መሣሪያ በእንፋሎት የሚቀቀልበትን ማሽን በተመለከተ ደግሞ ጉዳዩ ይከብዳል። የማሽኑ ግፊት መለኪያ የሚያሳየው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። በባሕር ወለል 121 ዲግሪ የሚሰጠው ንባብ በዱርቤቴ ወደ 118 ዲግሪ ብቻ ይሰጣል። ስለዚህ ለጤና ባለሙያዎች በሚሰጥ ሥልጠና ውስጥ ይህ ዕውቀት መካተቱ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከተው፣ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል የሚለው ቃል ሐሰት አይደለም፤ የባሕር ዳርቻ አገሮች እውነት ነው። ዳባዲ በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ውሃ ሲያፈላ መቶን ቢጠብቅና ሌላ ቁጥር ሲያይ መሣሪያውን ቢጥል ኖሮ የአገሩ ከፍታ ሳይለካ በቀረ ነበር። ልዩነቱን ራሱን መለኪያ ስላደረገው ግን ዕውቀት ሆነ።

ስለሆነም የመማሪያ መጻሕፍት ሲዘጋጁ ነጥበ ፍሌት ከአየር ግፊት ጋር ተያይዞ እንዲቀርብ፣ የየአካባቢው ከፍታና ነጥበ ፍሌት የሚታይበት ሠንጠረዥ በመምህሩ መምሪያ ውስጥ እንዲገባ፣ የቤተ ሙከራ ውጤት ሲታረምም ተማሪው ከመጽሐፉ ጋር በመስማማቱ ሳይሆን ያየውን በትክክል መዝግቦ ምክንያቱን በማስረዳቱ ነጥብ እንዲያገኝ ማድረግ ተገቢ ይሆናል። ይህን ለመፈጸም ብዙ ወጪ አያስፈልግም፤ ድስት፣ ውሃ፣ ማገዶ፣ አንድ ቴርሞሜትርና ከፍታውን የሚያውቅ መምህር ይበቃሉ። በዱርቤቴ ክፍል ውስጥ 93.5 ብሎ የጻፈ ተማሪ ትክክለኛውን መልስ ጽፏል፤ መምህሩም ከቀይ እስክሪብቶው በፊት ይህን ማወቅ ይኖርበታል።